የቢጫው መስመር ጃንጥላ

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ማሳያዎቹ ዛሬ ሥራ ጀመሩ! በአራቱም መስመር፣ በየፌርማታው፣ «ቀጣዩ አውቶቡስ በ6 ደቂቃ ይደርሳል» እያሉ ሲበሩ እኔ የሒሳብ ዶክተሯ እንደ ሕፃን መንገድ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

ኃላፊያችን ጠዋት ሰብስቦን ያወራው ግን ደስታዬን ግማሽ አደረገው። ሙከራው እስከ ነሐሴ ነው። በመጨረሻ የትራንስፖርት ቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው ፌርማታ ላይ ቆመው ያያሉ። ከወደዱት እኔ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልወደዱት ማሳያዎቹ ይነቀላሉ። «አንቺም አብረሽ» አለና ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ለወንዝ ሙላት ሞዴል ሠርቻለሁ፣ ለወረርሽኝ ሠርቻለሁ፣ ለመብራት ፍጆታ ሠርቻለሁ። ሥራው ሁልጊዜ ያው ነው። ሒሳቡ አንድ ነገር ይላል፣ ልኬቱ ሌላ ይላል፣ እኔ መሃል ገብቼ አስታርቃለሁ። ኮንትራቴ ግን ሁልጊዜ ሞዴሉን ቀድሞ ያልቃል።

ማታ አባዬ «ይኼ ሰሌዳ አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ በምን አወቀ?» አለኝ። አስረዳሁት። መጀመሪያ ሒሳቡ ይገምታል። ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ያለው ጂፒኤስ «እዚህ ነኝ» ይላል። ሁለቱ አይስማሙም። ማንን ምን ያህል እንደማምን የምወስነው እኔ ነኝ።

«ዳኛ ነሽ በይኛ!» አለ፣ ፊቱ በራ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ የእግር ኳስ የመስመር ዳኛ ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ሲሰድበው ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፣ እሱ የኳስ ጨዋታ እያየ ቴሌቪዥኑን ይዳኛል፣ እኔ ሒሳቤን እሠራለሁ። «ከዳኛም ዳኛ» አልኩት። በጣም ደስ አለው።

ሰኔ 27፣ ዓርብ፣ በጥድፊያ

ዝናብ። መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ቀዩ መስመር ስምንት ደቂቃ ተሳሳተ። ሰማያዊው አስራ አንድ። ቢጫው (የኛ ሰፈር!) ማሳያው ላይ ዜሮ ካለ በኋላ ሰው ሩብ ሰዓት ቆመ። ዳታ ምሳውን እያኘከ «ዝናቡ ሞዴልሽን አላነበበውም» አለኝ።

ዳታ የቢሮ ጓደኛዬ ነው። ስሙ ይህ አይደለም፣ ግን ከዳታ ሌላ ምንም ስለማያምን እንዲያ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ እኔን «እኩልታ» ይለኛል። ቆንጆ ሹራብ ለብሶ ነበር። ለሥራው የሚጠቅም መረጃ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

አባዬ ዛሬ ከሱቅ ሲመለስ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልከፈተም። ምን ሆንክ ብለው «ምንም»። ጎትጉቼ ጎትጉቼ አወጣሁት። ፌርማታው ላይ አንድ ሰውዬ «ይኼን የሠራው ሰው ሰዓት ማንበብ አያውቅም!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም እዚያው ቆሞ ነበር።

«አልሰደብከውም?» አልኩት።

«ዳኛ አይሳደብም» አለ። ቀጥሎ «ቋሚ ካልሆንሽስ?» አለኝ።

«ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።»

«ቅርብ ነው?»

እውነቱን ነገርኩት። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ የጻፍኩላቸው ቦታዎች ሁሉ በአውሮፕላን የሚኬድባቸው ናቸው። «እ» አለና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር። ዝም ብሎ አማሰለው፣ አማሰለው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ቢጫው መስመር ዛሬ አንድ ደቂቃ ብቻ ተሳሳተ። አንድ! በዚህ ዝናብ! ሒሳቡ መንገዱን እየለመደው ነው ማለት ነው።

አባዬ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ጀምሯል። «ለጉልበቴ ነው» ይላል። ጥሩ ነው፣ ስንት ጊዜ ስለምነው ኖሬያለሁ። ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን ያንን ትልቅ ቀይ ጃንጥላውን ይዞ ነው የሚወጣው። እርጅና ጥንቃቄ ያስተምራል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ልቤ ቅቤ ጠጣ!

ቢጫው መስመር፣ በተለይ እኛ ፌርማታ ላይ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ስህተቱ ዜሮ ነው። ማሳያው ዜሮ ሲል አውቶቡሱ ጥጉን ይታጠፋል። ግራፉን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ኃላፊያችን አይቶት «እሰይ!» አለ፣ እሱ እሰይ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዳታ ግን ግራፉ ፊት ቆሞ አገጩን ይዞ ቀረ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ዳታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» አለ።

«አመሰግናለሁ።»

«ማሞገሴ አይደለም።»

ቅናት ነው። ንጹሕ ቅናት። ሰው ሲሳካለት ዓይኑ ደም ይለብሳል።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። ከፌርማታችን በፊት ያለው ዳቦ ቤት ጥግ ሲደርስ ጂፒኤሱ ይዘባርቃል፤ አውቶቡሱ ገና አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ደርሻለሁ፣ ቆሜያለሁ» ይላል። እዚያ ረጅም ሕንፃ ስላለ ምልክቱ እየተጋጨ ነው። ችግር የለውም፤ ከግምቱ በጣም የራቀ ልኬት ሲመጣ ፕሮግራሜ «ስህተት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ይኼንን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኮራበታለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ቢጫው መስመር ለሌሎቹ መማሪያ ይሆናል። ከጎበዙ ይማሩ!

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

እህቴ መጣች። እህቴ ማለት ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው፣ ከኛ ሁለት ፌርማታ በላይ የምትኖረው፣ እኔን «ምሁሯ» የምትለኝ ታላቄ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«የዚያ የቢጫው ሹፌር ነገር ምንድን ነው? በየቀኑ ዳቦ ቤቱ ጥግ ውስጥ ያስገባንና ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል! እኛ እንጮሃለን፣ እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል! ሁለት ጊዜ አርፍጄ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ምሁሯ!»

እህቴ ከተወለደች ጀምሮ እንዳረፈደች ናት። ሠርጓ ላይ እንኳ አርፍዳለች። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «እሺ፣ አያለሁ» ብዬ አለፍኳት።

አባዬን ሻይ ትን አለው። ዓይኑ እስኪቀላ ሳለ። እህቴ ጀርባውን እየመታች «አንተ ጠዋት ጠዋት እዚያ አይደለህ እንዴ? አላየኸውም?» አለችው።

«እኔ እዚያ ቆሜ የማየው ማሳያውን ነው» አለና ዝናቡ አቁሞ እንደሆነ ሊያይ ተነስቶ ወጣ። ዝናብ አልነበረም።

ደክሞታል መሰለኝ። ይኼን የእግር ጉዞ ቀነስ ያድርግ እንጂ!

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ነገር ተበላሸ።

ቢጫው እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ሌሎቹ ግን በየቀኑ እየባሰባቸው ነው። ከቢጫው እንዲማሩ ካደረግኩ ወዲህ! ሰማያዊው መስመር ላይ ማሳያው «ደርሷል» ይላል፣ ሰው ተሰልፎ ይገፋፋል፣ መንገዱ ላይ ግን ውሻ እንኳ የለም። ሰዉ «መንፈሱ አውቶቡስ» ብሎታል። አንዱ ተሳላቂ እጁን ዘርግቶ ለማይታየው አውቶቡስ በር ሲከፍት፣ «ግቡ እባካችሁ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ቪዲዮ ተቀርጾ ቢሮ ሁሉ ደርሷል። ኃላፊያችን ሦስት ጊዜ አየው። ሁለተኛውን ሲያይ ሳቀ፣ ሦስተኛውን ሲያይ አልሳቀም።

ዳታ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሞዴልሽ መጠራጠር ትቷል» አለኝ። «ቢጫው ላይ ምንም ስህተት ስለሌለ 'መንገድ ላይ ምንም ያልታሰበ ነገር አይከሰትም' ብሎ ተማረ። አሁን አውቶቡሱ 'ኧረ እኔ ገና ሩቅ ነኝ' ሲለው፣ 'ውሸትህን ነው' ብሎ ይጥለዋል። ራሱን ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እና?»

«እና ማንን እንደሚመስል አልነግርሽም።»

ደሜ ፈላ! ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ጃኬቴን እንደረሳሁ ትዝ አለኝ፣ ግን ተመልሼ ልገባ ነው? በዝናብ ሄድኩ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዝርክርክ ቀን። ቀዩ መስመር ዘጠኝ ደቂቃ። ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ።

ኮሪደር ላይ ሳልፍ ኃላፊያችን በስልክ «ሰብሳቢዋ ነሐሴ 8 ይመጣሉ። የለም የለም፣ ሌላ መስመር አናሳያቸውም። ቢጫው ላይ ነው የምናቆማቸው» ሲል ሰማሁ።

እፎይ አልኩ።

ጃኬቴ ወንበሬ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ አስተጣጠፍ የኔ አይደለም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ዳታን ይቅርታ ጠየቅሁት። አጭር ይቅርታ ነው፣ ሁለት ቃል። እሱ ግን እንደ ሽልማት ተቀበለው።

ከዚያ አብረን የቢጫውን ጥሬ ልኬት፣ ፕሮግራሜ የጣለውን ሁሉ፣ ከቆሻሻው አወጣነው። በየጠዋቱ፣ ያለማቋረጥ፣ አውቶቡሱ ዳቦ ቤቱ ጥግ ቆሟል። አንዳንድ ቀን ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን ሰባት። ምልክቱ ተጋጭቶ ቢሆን ኖሮ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ይኼ ግን ፀጥ ብሎ አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። የሚነሳው ደግሞ ማሳያዬ «1 ደቂቃ» ሲል ነው። ሁልጊዜ።

«ጂፒኤሱ አልዘባረቀም» አለ ዳታ ቀስ ብሎ። «ሹፌሩ ነው አንቺን የሚጠብቀው።»

እህቴ ይኼን ነግራኛለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ከግምቴ ስለራቀች ጣልኳት።

«ግን ከጥጉ ውስጥ ሆኖ ማሳያው አይታየውም» አልኩ። «ማን ይነግረዋል?»

ዳታ «ሄደን እንየው» አለ። ነገ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥ እንገናኛለን።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ወይ ጉድ! ወይ ጉዴ!

ከዳታ ጋር ዳቦ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጥን፣ እንደ ሰላይ። ሁለተኛ ዳቦ ካዘዝን በኋላ ባለቤቱ «ሰው ትጠብቃላችሁ?» አለን። ዳታ «አውቶቡስ» አለው። «ኧረ እሱ እዚሁ ነው፣ በጓሮ በኩል» አለ ባለቤቱ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አየሁት። ቢጫው አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰው ጢም ብሎበት፣ ጥጉ ውስጥ ተደብቋል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ መንገዱ ያያል። ወደሚያይበት አየሁ። ፌርማታውም ጥጉም የሚታይበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ እግሩን ገጥሞ፣ አባቴ ቆሟል።

ማሳያው 3 አለ። 2 አለ። 1 አለ።

አባዬ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋና ቀዩን ጃንጥላ ጧ አድርጎ ከፈተው። ያ ዘመኑን ሁሉ ባንዲራ ያነሳበት ክንድ! አውቶቡሱ አጓርቶ ተነሳ፣ ጥጉን ታጠፈ፣ ማሳያው ዜሮ ሲል ፌርማታው ላይ ቆመ። አባዬ አጠገቡ ወደቆሙት ሰዎች ዞሮ «አያችሁ? የኔ ልጅ ናት የሠራችው» አለ።

አውቶቡሱ ጥጉን ሲታጠፍ በዳቦ ቤቱ መስኮት ፊት ነበር ያለፈው። ከውስጥ እህቴ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አየችኝ። አባዬን አየች። እኔን አየች። አፏ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ዳታ አልሳቀም። ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነክሶ ነው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ አባዬን አስቀምጬ ጠየቅሁት። አልካደም። ሹፌሩ ከመነሻው ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሶ ጃንጥላ ይጠብቃል። ይኸው ነው።

«እሺ ሹፌሩ ለምን ብሎ ነው የሚታዘዝህ?»

አባዬ አቀርቅሮ ነገረኝ። ሹፌሩ በወጣትነቱ አጥቂ ነበር። አንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ያገባውን ጎል አባዬ በኦፍሳይድ ሻረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ የላቸውም። በቢጫው አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ሰውዬው ፊቱን ወደ መስታወት ያዞር ነበር።

«እና ምን አልከው?»

«ጎል ነበር አልኩት።»

«ነበር እንዴ?»

ቀና አለ። እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ኦፍሳይድ ነበር! ጥርት ያለ ኦፍሳይድ! ሁለት እርምጃ ቀድሞ!» አለና ድምፁ ወረደ። «እሱ ግን አለቀሰ። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ 'ምን ላድርግልህ ጋሼ?' አለኝ።»

አንጀቴን በላው። ሃያ ሁለት ሰው ሲሰድበው ያልዋሸ ሰው፣ አውሮፕላን እንዳልሳፈር ብሎ ዋሸ። ልቆጣው አልቻልኩም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ዝም ብልስ?

ይኼን ለመጻፍ አፍራለሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ሰብሳቢዋ ቢጫው ላይ ይቆማሉ፣ ጃንጥላው ይከፈታል፣ አውቶቡሱ ይደርሳል፣ እኔ ቋሚ እሆናለሁ። ማን ተጎዳ? (እህቴ። ሰማያዊው መስመር ላይ መንፈስ የሚሳፈሩት ሰዎች በሙሉ። ሒሳቡ።)

ዳታን ምን ላድርግ አልኩት። «እኔ ዳታ ነኝ፣ ስጠየቅ ብቻ ነው የምናገረው» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሩቅ ብትሄጂ ግን ቢሮው ይቀዘቅዛል» አለኝ። ማሞቂያው እኮ ከግንቦት ጀምሮ ተበላሽቷል።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ለኃላፊያችን ነገርኩት። በሩን ዘጋ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔ፣ ዳታ፣ አባቴ፣ እህቴ፣ ሹፌሩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ።»

ጭንቅላቱን ያዘ።

የቢጫውን ልኬት በሙሉ ከመማሪያው አወጣሁት። ሞዴሉ እንደገና መጠራጠር ጀመረ፣ የአውቶቡሶቹን ቃል መስማት ጀመረ። ማሳያው ከእንግዲህ አንድ ቁጥር አይናገርም፤ «ከ5 እስከ 11 ደቂቃ» ይላል። ከአምስት አውቶቡስ አራቱ በተባለው ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ያመልጠኛል፤ እሱንም አስቀድሜ እናገራለሁ።

«ከ5 እስከ 11?» አለ ኃላፊያችን። «ይኼንንማ እናቴም ትገምተዋለች!»

«እናትህ ሐምሌን ሙሉ ከእኔ የተሻለ ትገምት ነበር» አልኩት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሰማያዊው መስመር ላይ መንፈሱ ጠፋ። ያ ተሳላቂ ቪዲዮ የሚሠራበት አጥቶ ተክዟል አሉ።

አባዬን «ሐሙስ ቤት ትቀመጣለህ» አልኩት።

«እሺ።»

«ጃንጥላ አትከፍትም።»

«አልከፍትም አልኩ እኮ!»

«ማልልኝ።»

«ዳኛ አይምልም» አለና ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። የት ነው ብለው «አንድ ውሳኔ ላስተካክል» አለኝ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ትከሻው ግን ቀጥ ብሏል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሁሉንም ልጻፈው፣ እጄ አሁንም እርጥብ ነው።

ከሌሊት ጀምሮ ዘነበ። እንዲህ ያለ ዝናብ ክረምቱን ሙሉ አልዘነበም። ሰብሳቢዋ ደረሱ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር የማያልፋቸው ሴትዮ። ኃላፊያችን ጃንጥላ ያዘላቸው። ዳታና እኔ ከጎን ቆምን። ማሳያውን አነበቡና «ከ4 እስከ 9። ባለቤቴም መቼ ትመጣለህ ስለው እንዲህ ነው የሚመልስልኝ» አሉ። ኃላፊያችን ለመሳቅ ሞከረ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ በተባለው ውስጥ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ሰብሳቢዋ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሦስተኛው የዚያ ሹፌር አውቶቡስ ነው። ማሳያው «ከ6 እስከ 11» አለ። መጠበቅ ጀመርን።

«እኚያ አባት ጃንጥላ ይዘው ለምንድን ነው የሚበሰብሱት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ዞርኩ። እዚያው ቦታ ላይ፣ ፌርማታውም ጥጉም ከሚታይበት፣ አባዬ ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ እግሩን ገጥሞ። ቀዩን ጃንጥላ አጥፎ፣ አስሮ፣ ጭኑ ላይ አጥብቆ ይዞታል። ውሃው ከባርኔጣው በአንገቱ ይገባል፣ በእጅጌው ይወጣል። ዓይኑ ማሳያው ላይ ነው።

«አባቴ ናቸው» አልኩ። «ጃንጥላውን ከከፈቱት አውቶቡሱ ይመጣል።»

ሳቁ። እኔ ሳልስቅ ሲያዩኝ አቆሙ። ከዚያ ነገርኳቸው። ጥጉን፣ ጎሉን፣ ዜሮ ስህተቱን፣ ሁሉንም። ኃላፊያችን ዓይኑን ጨፈነ።

ጃንጥላዬን ይዤ ወደ አባዬ ሮጥኩ። ራሱ ላይ ልዘረጋለት ስል ዘሎ ራቀኝ። «ሂጂ! ዝጊው! ሰውዬው ጃንጥላ ካየ ምልክት ይመስለዋል!» አለኝ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ቤት እቀመጣለሁ አላልክም?»

«ተቀምጬ ነበር። አላስቻለኝም።»

ምን ላድርግ? ጃንጥላዬን አጠፍኩና አጠገቡ ቆምኩ። ዝናቡ ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ዳታ መጣና ሳይጠየቅ የሱንም አጥፎ በሌላው ጎኔ ቆመ። ያ ቆንጆ ሹራብ አለቀለት። ሦስታችን ሦስት የታጠፈ ጃንጥላ ይዘን ዝናብ ላይ ቆመን፣ ሰዉ ያየናል። ማሳያው ቀነሰ፣ ቀነሰ። የተባለው ጊዜ አለፈ። የአባዬ ጣቶች ጃንጥላው ላይ ሲጠብቁ አየሁ። አልከፈተውም።

አውቶቡሱ ሁለት ደቂቃ አሳልፎ መጣ። በሩ ሲከፈት ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት፣ «ኦፍሳይድ አልነበረም!» ብሎ ጮኸ።

«ነበር!» አለ አባዬ።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ መጡ። «ይኼኛው ያመለጠሽ ነው?»

«ያመለጠኝ ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ለአባዬ «አባት፣ አሁን ይክፈቱት፣ አልፏል» አሉት።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ኮንትራቴ ለሁለት ዓመት ተራዘመ። ቋሚ ገና ነው፤ ሰብሳቢዋ «መጠራጠር የምትችል ሴት ስለሆነች ትቆይ፣ እኛም ትንሽ እንጠራጠራት» ብለዋል አሉ። ሩቅ ለጻፍኩት ደብዳቤ አንዱ መልስ ሰጥቶኛል። አላነበብኩትም። (ርዕሱን ብቻ አንብቤያለሁ።)

አባዬ ከፍተኛ ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ነው። እህቴ በሰዓቷ መጣች፣ ሹፌሩ ጥጉን ስለተወው፤ መድኃኒት አመጣችለት፣ ከመድኃኒቱ ጋር ቁጣም አመጣችለት። ዳታ ደግሞ ብርቱካን ይዞ መጣ። እህቴ እሱን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «ምሁሯ፣ ይኼንንስ ከግምትሽ ስለራቀ ጥለሽው ነው?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ሁሉም ሲሄዱ አባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ብከፍተው ኖሮ በሰዓቱ ይደርስ ነበር» አለ። «ጎሉን መልሼ ሽሬበትም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር። ልቡ ደግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቋሚ ትሆኚ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እና አሁን ሩቅ አትሄጂም?»

«የምሄድ አይመስለኝም።»

«በእርግጠኝነት?»

ቃል ገብቻለሁ፣ ከእንግዲህ አንድ ቁጥር ብቻ አልናገርም። «ከአምስት አራቱ» አልኩት።

ብዙ አሰበበት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ።

«አምስተኛዋን ለእኔ ተያት» አለ። «ጃንጥላዬን የት ነው ያስቀመጥሽው?»